የቶቤጎው ጠበቃ እና የሄጉ ፍርድ ቤት

ስለ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ወሬ ሲነሣ «እሱ እኮ የፈረንጆች ፍርድ ቤት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ክርክሩ ባዶ አይደለም። በኦክቶበር 2013 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በዚሁ ጉዳይ አዲስ አበባ ላይ ልዩ ጉባኤ ተቀምጠው ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢትዮጵያም የፍርድ ቤቱ አባል አይደለችም።

ነገር ግን ለአሥርተ ዓመታት አቧራ ጠጥቶ የቆየውን የዚህን ፍርድ ቤት ሐሳብ አንሥቶ በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ፊት ያቀረበው ፈረንጅ አልነበረም። ከአንዲት የካሪቢያን ደሴት የወጡ ጥቁር ጠበቃ ናቸው። ስማቸው አርተር ናፖሊዮን ሬይመንድ ሮቢንሰን ይባላል። «ናፖሊዮን»ን ያወጣላቸው ሰው ምን ተመኝቶ እንደሆነ እንጃ። ሰውየው ግን ከጦር ይልቅ ወረቀት የሚያምኑ ነበሩ። ወረቀት እስከ የት ያስኬዳል? የት ላይስ ይከዳል? የእሳቸው ሕይወት ይህን በደንብ ያሳያል።

መጀመሪያ አገሪቱን እንወቃት። ትሪኒዳድና ቶቤጎ ከቬኔዝዌላ አፍንጫ ሥር ያለች የሁለት ደሴቶች ሪፐብሊክ ናት። ሕዝቧ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ብቻዋን ትበልጣታለች። ትሪኒዳድ ትልቋ ናት። ነዳጁም፣ ጋዙም፣ ዋና ከተማው ፖርት ኦፍ ስፔንም እዚያ ነው። ቶቤጎ 300 ካሬ ኪሎ ሜትር የማትሞላ፣ 60 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ደሴት ናት። የስኳር ገበያዋ ሲወድቅና ራሷን መቻል ሲያቅታት እንግሊዞች በ1889 ከትሪኒዳድ ጋር አጣበቋት። የቶቤጎን ሰው የጠየቀውም ያማከረውም የለም። ከነጻነት በኋላ 36 መቀመጫ በነበረው ፓርላማ ውስጥ የቶቤጎ ድርሻ ሁለት ብቻ ነበር።

ሮቢንሰን የተወለዱት እዚያች ትንሿ ደሴት ላይ፣ በዲሴምበር 16 ቀን 1926 ነው። የትንሽ አገር ትንሿ ክፍል ልጅ ማለት ነው። አባታቸው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ልጅየው የለንደን ዩኒቨርሲቲን የሕግ ዲግሪ አገሩ ላይ ሆኖ በርቀት ያዘ። ከዚያ እንግሊዝ ሄዶ የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ ኦክስፎርድ ገብቶም ፍልስፍና፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚ አጠና። ተመልሶ ፖርት ኦፍ ስፔን ላይ ጥብቅና ጀመረ። ወዲያው በ1956 ከታሪክ ምሁሩ ኤሪክ ዊሊያምስ ጋር ሆኖ የሕዝባዊ ብሔራዊ ንቅናቄን (በአጭሩ ፒኤንኤም) ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ከዚህ በኋላ «አንቱ» እንበላቸው፤ ሰውየው ሚኒስትር ሆነዋልና።

አገሪቱ በ1962 ነጻ ስትወጣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮቢንሰን ነበሩ። በኤፕሪል 1966 አጼ ኃይለ ሥላሴ ትሪኒዳድን ሲጎበኙም እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። ብዙዎቻችን የምናውቀው የጃማይካውን አቀባበል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ጃማይካ የገቡት ከትሪኒዳድ ተነሥተው ነው።

በ1970 ፖርት ኦፍ ስፔን ተናወጠች። ወጣቱ «ባንዲራው ተቀየረ እንጂ ባንኩና ፋብሪካው የማን ነው?» ብሎ አደባባይ ወጣ። «የጥቁር ኃይል» የተባለው እንቅስቃሴ ነው። ያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና የፓርቲው ምክትል መሪ የነበሩት ሮቢንሰን በኤፕሪል ካቢኔውን ለቀው ወጡ። በማግሥቱ ዓመት ምርጫ ሲመጣ ደግሞ «አንወዳደርም፣ እናንተም ድምፅ አትስጡ» አሉ። ሕዝቡ ሰማቸው፤ ድምፅ የሰጠው ከመራጩ ሲሶው ያህል ብቻ ነበር። ውጤቱስ? ፒኤንኤም 36ቱንም መቀመጫ ጠቅልሎ ወሰደ። ከምርጫ ራስን ማግለል ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ክርክር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በእኔ እይታ ሮቢንሰን ያኔ ሞራል አተረፉ፣ ፓርላማውን ግን በገዛ እጃቸው አስረከቡ። ከዚያ ወዲህ ከምርጫ ቀርተው አያውቁም።

አዲስ ፓርቲ አቋቁመው በ1976 ሁለቱን የቶቤጎ መቀመጫዎች አሸነፉ። ሁለት ወንበር ይዞ መንግሥት አይገለበጥም። ጥያቄ ማንሣት ግን ይቻላል። ጥያቄያቸው ቶቤጎ የውስጥ ጉዳይዋን ራሷ ታስተዳድር የሚል ነበር። ከብዙ ውዝግብ በኋላ በ1980 የቶቤጎ ምክር ቤት በአዋጅ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበርም እሳቸው ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነገር አለ። ምክር ቤቱ የቆመው በተራ አዋጅ ነው። ፓርላማ በተራ አብላጫ ድምፅ የሰጠውን፣ ሌላ ፓርላማ በዚያው ድምፅ ሊነሣው ይችላል። 34 ለ 2 በሆነ ቤት ውስጥ ይህ ማለት በተውሶ ቤት መኖር ነው። ስለዚህ ሮቢንሰን ቀጣዮቹን 16 ዓመታት አንድ ነገር ሲያባርሩ ኖሩ፦ ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዲገባ። በ1995 ምርጫ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች 17 ለ 17 ሲወጡ፣ የተረፉት ሁለት መቀመጫዎች የቶቤጎ፣ ማለትም የእሳቸው ነበሩ። ሚዛኑን ወደ ባስዲዮ ፓንዴይ አዘነበሉት፤ ፓንዴይም የመጀመሪያው የሕንድ ዘር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1996 የቶቤጎ ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። ሁለት መቀመጫ እንዲህ በውድ ሲሸጥ ብዙ አላየሁም።

ግን ቀድሜ ሄድኩ። ወደ 1986 እንመለስ።

በዚያ ዓመት ዲሴምበር ላይ ሮቢንሰን የመሩት ጥምረት ለ30 ዓመት የገዛውን ፒኤንኤም 33 ለ 3 አንኮታኩቶ ጣለው። ጠበቃው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሆኖም የወረሱት ካዝና ባዶ ነበር። በርሜሉ ከ25 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረ ነዳጅ በዚያው ዓመት ወደ 10 ዶላር ገደማ ወርዶ ነበር፤ አገሪቱ ደግሞ የምትኖረው በነዳጅ ነው። አይኤምኤፍ ተጠራ። የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ በ10 በመቶ ተቀነሰ። ቫት መጣ፣ 15 በመቶ። ጥምረቱም ቶሎ ተሰነጠቀ፤ ፓንዴይ በ1988 ከካቢኔ ተባረሩ። ያኔ የተባረሩት ፓንዴይ ከላይ በ1995 ያነገሧቸው ፓንዴይ ናቸው። የደሴት ፖለቲካ ጠባብ ቤት ነው፤ የተጣላኸውን ሰው በር ላይ ታገኘዋለህ።

ጁላይ 27 ቀን 1990፣ አርብ ቀን። ፓርላማው «ቀዩ ቤት» በሚባለው ሕንፃ ተሰብስቧል። ጀማዓ አል ሙስሊሚን የተባለ ቡድን ታጣቂዎች ገብተው ጠቅላይ ሚኒስትሩን፣ ሚኒስትሮቹንና የምክር ቤት አባላቱን መሬት ላይ አስተኟቸው። በዚያው ሰዓት የፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት በመኪና ቦምብ ጋየ። የቡድኑ መሪ ያሲን አቡ በክር፣ የቀድሞ ፖሊስ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያውን ይዞ መንግሥት መውደቁን አወጀ። ከተማው በዘራፊ ተወረረ።

ታጣቂዎቹ ሮቢንሰንን «ወታደሮቹን ተኩስ አቁሙ ብለህ እዘዝ» አሏቸው። እሳቸው ያሉት ሌላ ነው፦ «ነፍሰ ገዳዮች ናቸው፤ በሙሉ ኃይላችሁ አጥቁ!» ተደበደቡ፤ እግራቸውንም በጥይት ተመቱ። 63 ዓመታቸው ነበር።

እገታው ስድስት ቀን ቆየ፤ 24 ያህል ሰው ሞተ። እዚህ ላይ ነው የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ የሚፈተኑበት ጥያቄ የተወለደው። ፕሬዚዳንቱ ውጭ አገር ስለነበሩ ተጠባባቂው ፕሬዚዳንት ታጋቾቹን ለማዳን ለታጣቂዎቹ የይቅርታ ወረቀት ፈረሙ። ወረቀቱ ቀዩ ቤት ገባ። ታጣቂዎቹ ግን ወዲያው አልወጡም፤ ሌላ ሌላ ነገር እየጠየቁ ቀናት አስቆጠሩ። በመጨረሻ ኦገስት 1 እጅ ሰጡ። መንግሥትም 114 ሰዎችን በአገር ክህደትና በነፍስ ግድያ ከሰሰ። እነሱ ደግሞ ወረቀቱን አወጡ፦ «ይቅርታ ተደርጎልናል።»

በእኛ አገር የሕግ ቋንቋ «ምሕረት» እና «ይቅርታ» ይለያያሉ። ምሕረት ፍርድ ሳይሰጥም ሊደረግ ይችላል፤ ወንጀሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይቅርታ ግን ከተፈረደ በኋላ ቅጣትን ማንሣት ወይም ማቅለል ነው። የትሪኒዳድ ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንቱ ሰፋ ያለ ሥልጣን ይሰጣል፦ ሰው ሳይከሰስም ይቅርታ ማድረግ ይችላል፤ ቅድመ ሁኔታም ሊያስቀምጥ ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ «ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን አላቸው ወይ?» አልነበረም። አላቸው። ክርክሩ ሰው በጠመንጃ ተይዞ እያለ የተፈረመ ወረቀት ወረቀት ነው ወይ የሚል ነበር።

እስረኞቹ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አቀረቡ። በ1992 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይቅርታው ይጸናል ብሎ ለቀቃቸው። መንግሥት ይግባኝ አለ። ጉዳዩ የደረሰው ለንደን ነው። አዎ፣ ለንደን። ትሪኒዳድ በ1976 ሪፐብሊክ ብትሆንም የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚዋ የእንግሊዙ ፕሪቪ ካውንስል ነው።

ፕሪቪ ካውንስል በ1994 የሰጠው ፍርድ ሁለት እግር አለው። አንደኛ፣ ይቅርታው ዋጋ የለውም። ወረቀቱ የተሰጠው ታጋቾቹ ቶሎ ተለቀው ነገሩ እንዲያበቃ ነው፤ እነሱ ግን ወረቀቱን ኪሳቸው ከተው እገታውን ቀጠሉ። ይቅርታ ላለፈ ወንጀል ነው እንጂ ለሚቀጥለው ፈቃድ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ይሁን እንጂ ሰዎቹን እንደገና መክሰስ አይቻልም። አንዴ ፍርድ ቤት ነጻ ናችሁ ብሎ ካሰናበታቸው በኋላ መልሶ መጎተት ፍርድ ቤትን ያለ አግባብ መጠቀም ይሆናል። በአጭሩ፦ ወረቀታችሁ ውድቅ ነው፣ ግን ሂዱ።

ብዙ የትሪኒዳድ ሰው በዚህ እስከ ዛሬ ይናደዳል። እኔ ግን ሁለተኛው እግር ከመጀመሪያው ይልቅ ከባድ ይመስለኛል። መንግሥት ራሱን በጠመንጃ ሊገለብጡ በመጡ ሰዎች ላይ ሳይቀር ሕጉ «እስከዚህ ብቻ» አለው። በጥይት የተመቱት ጠቅላይ ሚኒስትርም በ1991 ምርጫ ከሥልጣን ወርደዋል። ያስተረፉት የተለመዱትን ሁለት የቶቤጎ መቀመጫዎች ብቻ ነው። ለእግራቸው ሕዝቡ አዘነ፤ ለደሞዙ ግን አልማረም።

በ1997 ሮቢንሰን ፕሬዚዳንት ሆኑ። እዚያ አገር ፕሬዚዳንት ማለት ሪባን ቆራጭ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚሠራው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ነው። ሮቢንሰን ግን ሕገ መንግሥቱን እንደ ጠበቃ መስመር በመስመር የሚያነቡ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከ2000ው ምርጫ በኋላ ፓንዴይ በምርጫ የተሸነፉ ሰባት ሰዎችን ሴናተርና ሚኒስትር ላድርግ ሲሉ ሮቢንሰን እምቢ አሉ። ሕዝብ «አልፈልግም» ያለውን በጓሮ በር ማስገባት ነው ባይ ናቸው። ሁለት ወር ያህል ተፋጠጡ። በመጨረሻ ፕሬዚዳንቱ እጅ ሰጥተው ሰዎቹን ሾሙ፤ ሕጉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባሉት መሠረት ይሾማል ይላልና። በስሜት ከእሳቸው ጋር ነኝ። በሕግ ግን ትክክል አልነበሩም።

ከዚያ ዲሴምበር 2001 መጣ። ምርጫ፦ 18 ለ 18። አሁን ሚዛን የሚደፋ ሦስተኛ ፓርቲ የለም። ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ጊዜ ያለው ይህን ነው፦ አብላጫ ያለው ፓርቲ ከሌለ ፕሬዚዳንቱ በራሳቸው አስተያየት የአብላጫውን አባላት ድጋፍ ያገኛል ያሉትን ሰው ይሾማሉ። እኩል ለእኩል በሆነ ቤት ግን አብላጫ የሚያገኝ ሰው ከየት ይመጣል? ፓንዴይ በሥልጣን ላይ ያሉ ናቸው፤ ጠቅላላ የሕዝብ ድምፅም የበለጡት እሳቸው ናቸው። ተቃዋሚው ፓትሪክ ማኒንግ ደግሞ መንግሥቱ በሙስና ክስ እየታመሰ ነው ይላሉ። ሁለቱም ፕሬዚዳንቱ የሚሉትን እንቀበላለን ብለው ነበር።

በገና ዋዜማ ሮቢንሰን ማኒንግን ሾሙ። ምክንያታቸው ከሕገ መንግሥቱ መግቢያ የተወሰደ ነበር፦ አገሪቱ የቆመችባቸው «የሞራልና የመንፈስ እሴቶች»። ፓንዴይ ተበደልኩ አሉ፤ ስምምነቱንም ተዉት። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። የሕገ መንግሥት መግቢያ መንፈስን ይነግርሃል እንጂ ጠቅላይ ሚኒስትር አይመርጥልህም የሚሉ አሉ። አንቀጹ «በራሳቸው አስተያየት» ካለ፣ ፕሬዚዳንቱ አስተያየታቸውን የሚመሠርቱበትን ነገር ሌላ ሰው ሊመርጥላቸው አይችልም የሚሉም አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ሰው ይህን ሥልጣን ቢይዝስ ብዬ አስባለሁ።

ለማንኛውም ማኒንግ ተሾሙ እንጂ ፓርላማው መሥራት አልቻለም። 18 ለ 18 በሆነ ቤት አፈ ጉባኤ እንኳ መምረጥ አይቻልም፤ ሞከሩ፣ አልሆነም። በኦክቶበር 2002 እንደገና ተመረጠ፤ ማኒንግ 20 ለ 16 አሸነፉ፣ አገሩ ተነፈሰ። በኋላ የመቀመጫው ቁጥር ወደ 41 ከፍ አለ። ጎዶሎ ቁጥር! ቶቤጎ ግን ይህን ትምህርት ዘንግታ ምክር ቤቷን በ12 ተመራጭ ወንበር ቀጠለች። በጃንዋሪ 2021 ምርጫዋ 6 ለ 6 ወጣ። ወንበሩን 15 አድርገው በዲሴምበር እንደገና መረጡ።

ያ የ2002 ትርምስ ባለበት ወቅት፣ ጁላይ 1 ቀን፣ ሄግ ላይ ሌላ ነገር ተወለደ። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። ፖርት ኦፍ ስፔን አፈ ጉባኤ አጥታ ሳለ፣ የፕሬዚዳንቷ የድሮ ጥያቄ ፍርድ ቤት ሆኖ ተከፈተ።

ጥያቄው መጀመሪያ ስለ ዘር ማጥፋት አልነበረም። ስለ ኮኬይን ነበር። ካሪቢያን በደቡብ አሜሪካ አምራቾችና በሰሜን አሜሪካ ገበያ መካከል የተዘረጋ መንገድ ነው። የአንድ ትልቅ ነጋዴ ገንዘብ የአንዲት ደሴትን በጀት ሊያስንቅ ይችላል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ቢያዝ ምን ይደረጋል? አገር ውስጥ ከተከሰሰ ምስክሩ ይፈራል፣ ዳኛው ይፈራል፣ የሚገዛም አይጠፋም። ለአሜሪካ ተላልፎ ከተሰጠ ደግሞ «አገሩ የማን ነው?» ይባላል። ሮቢንሰን ሦስተኛ በር ፈለጉ፦ የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ፍርድ ቤት። በ1989 አገራቸው ይህን ለጠቅላላ ጉባኤው አቀረበች፤ ጉባኤውም ለዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን መራው። ሐሳቡ የናዚ መሪዎች ከተዳኙበት ከኑረምበርግ ፍርድ ጀምሮ የነበረ ነው። የቀዝቃዛው ጦርነት ሸፍኖት ነበር እንጂ።

ከዚያ ዩጎዝላቪያ ፈረሰች፤ ሩዋንዳ ላይ እልቂት ሆነ። ዓለም ፍርድ ቤት ያስፈልጋል አለ፣ ግን ለሌላ ወንጀል። በጁላይ 1998 ሮም ላይ 120 አገሮች ደገፉ፣ 7 ተቃወሙ፣ 21 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ዘር ማጥፋት፣ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ የጦር ወንጀልና የወረራ ወንጀል ገቡ። የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ቀረ፤ «ወደፊት ይታያል» ተባለ። የጠየቁትን ሳያገኙ ያልጠየቁትን ሰጧቸው። ያም ሆኖ ትሪኒዳድና ቶቤጎ በኤፕሪል 1999 ስምምነቱን አጸደቀች፤ ከሴኔጋል ቀጥላ ከዓለም ሁለተኛ ሆና። በ2003 አሜሪካ «ዜጎቼን ለዚህ ፍርድ ቤት እንዳትሰጡ፣ ፈርሙልኝ» ስትል ደሴቷ አልፈረመችም። ወታደራዊ እርዳታዋ ተቋረጠ።

ሮቢንሰን በዚያው ዓመት ከፕሬዚዳንትነት ወረዱ። በ2011 የቶቤጎ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ተሰየመ። አገራቸው ከቤሊዝ ጋር ሆና ለ2010ሩ የካምፓላ ጉባኤ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ በፍርድ ቤቱ ወንጀሎች ውስጥ እንዲገባ አንድ ጊዜ ደግማ ጠየቀች። ሐሳቡ ግን ካምፓላ አልደረሰም፤ የፍርድ ቤቱ አባል አገሮች ጉባኤ የማሻሻያ ሐሳቦችን ለሚያየው ኮሚቴ አስተላለፈው። እሳቸው በኤፕሪል 9 ቀን 2014 በ87 ዓመታቸው ሲሞቱ ወረቀቱ እዚያው ኮሚቴ ውስጥ ነበር።